ጆሮ የሌለው ቋጠሮ

የእኛ ቀበሌ የፈረስ ግልቢያ የሚደረገው በአረፋ ማግስት ነበር። በዚያን ጊዜ አረፋ የሚውለው በበጋ ስለነበር የጨፋ ሜዳ ባዶ ነው፤ ጤፉ ተወቅቷል፣ ማሽላው ታጭዷል፣ መሬቱ ላይ የቀረው የአገዳው ጉቶ ብቻ ነው። አገዳ በማጭድ ሲቆረጥ በሰያፍ ስለሚቆረጥ የጉቶው ጫፍ ስለት ነው። ይህን የምጽፈው ሜዳውን ለማሳየት አይደለም። ያ ጉቶ የወንድሜን ጀርባ ምን እንዳደረገው ስላየሁ ነው።

የሚጋልቡት ልጆች ነበሩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያለፈው አይጋልብም፤ ክልክል ስለሆነ ሳይሆን ስለሚከብድ ነው። ኮርቻም ስለሚከብድ አይጫንም። በፈረሱ ጀርባ ላይ የታጠፈ ጆንያ ይደረጋል፣ ጆንያው ላይ በሆዱ ዙሪያ የቆዳ ጠፍር ይጠብቃል፣ ከዚያ ልጁ ይቀመጣል። እርካብ ስለሌለ እግሩ የሚያርፍበት የለም። ስለዚህ እንዳይወድቅ ይታሰራል። ወንዶቻችን የሚያገለድሙት ሽርጥ ተጠምዝዞ ገመድ ይሆንና በልጁ ወገብ ሁለት ጊዜ ዞሮ ከጠፍሩ ጋር ይቋጠራል። ማሰሩን እንደ ጭካኔ የሚያየው አልነበረም። እንዲያውም ልጁን የሚወድ አባት አጥብቆ ነው የሚያስረው። ሳያስር የሚለቅ ቢኖር ሴቶቹ ራሳቸው «ልጁን ጠልቶታል እንዴ?» ይሉት ነበር።

እኔ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ለአራት አረፋ የአባቴን ዳማ ፈረስ ጋልቤያለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ደስ ይል ነበር እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። የማስታውሰው አፌ ውስጥ የሚገባውን ጋማና ከጆሮዬ ሥር የሚጮኸውን የፈረሱን ትንፋሽ ነው። ሦስቱን ጊዜ ሱሪዬ ላይ ሸንቻለሁ። አባቴ «የፈረስ ላብ ነው» እያለ በውሃ ያጥበኝ ነበር፤ እሱም እንደሚያውቅ አውቅ ነበር። በዓሉ ሲቃረብ እንዳልከብድ ተብሎ እራት አይሰጠኝም። የአረፋ ቀን ቤቱ በሥጋ ሽታ ተሞልቶ፣ ጎረቤት ሁሉ እየተጠራራ ሲበላ፣ እኔ ውሃ በተነከረ ቂጣ እውላለሁ። ሥጋው ከግልቢያው በኋላ ነው፤ ከግልቢያው በኋላ ደግሞ አንጀቴ ስለሚታጠፍ መብላት አልችልም። ያሸነፍን ጊዜ የሽልማቱ ጋቢ ለአባቴ ተደረበለት፣ ለእኔ አንድ እሽግ ብስኩት ተሰጠኝ።

በአምስተኛው ዓመት፣ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት፣ አባቴ እኔንና ወንድሜን ይዞ ከሚሴ ወዳለው የእህል ነጋዴ ወረደ። ነጋዴው ጆንያ የሚመዝንበት፣ ከምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ መንጠቆ ያለው ሚዛን ነበረው። በገመድ ወንበር ሠርተው አንጠለጠሉን። ነጋዴው የእኔን አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ይሄስ በቆሎ ነው። ኮርማ ላይ ጫነው።»

«ትንሹን እየው እስቲ» አለ አባቴ።

ወንድሜ መንጠቆው ላይ እየተሽከረከረ ይስቅ ነበር። ነጋዴው መርፌው እስኪቆም ጠብቆ፣ «ጋሪ፣ ጥሩ፣ ይሄ ጥጥ ነው» አለ። በዚያው አለቀ። እኔ ከፈረሱ ወረድኩ፣ የስምንት ዓመቱ ወንድሜ ወጣ። የተሰማኝን ልናገር፦ ደስ አለኝ። ቤት ስንደርስ እናቴ ነገሩን ሰምታ፣ «ለአረፋ ሚዛን ላይ የሚሰቀለው በግ ብቻ መስሎኝ» አለች። አባቴ ለፈረሱ ገብስ ሊሰጥ ወጣ።

እኔ ያን ጊዜ ቋጠሮ የሚባል ነገር ይዞኝ ነበር። ብዙ የማልናገር ልጅ ስለነበርኩ እጄን ሥራ ማስያዝ እወድ ነበር። ቋጠሮ የተማርኩት ሰንበቴ ገበያ ነው፣ ከብት ተራ። አባቴ በገበያ ቀን ወይፈን ሲያሻሽጥ እኔ ግመሎቹ የሚበረኩበት ዳር ቁጭ ብዬ የአፋሮቹን እጅ እከታተል ነበር። አንድ አረጋዊ ጫኝ ነበሩ፤ ገመዱን እንዴት እንደሚያዞሩ ቆጥሬ በጣቴ አየር ላይ ስደግም አዩኝና ሳቁ። ጠርተውኝ በዝግታ አሳዩኝ። የእሳቸው ቋጠሮ አንድ ነገር ነበረው፤ መጨረሻው ላይ የገመዱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ አያልፍም፣ ታጥፎ በግማሽ ይቀራል። ያን የታጠፈውን ጫፍ ሲስቡት ያ ሁሉ የጠበቀ ነገር በአንድ ጊዜ ይለቃል።

«ለምን እንዲህ?» አልኳቸው።

«ግመል ወደቀ» አሉ፣ አማርኛቸው አጭር አጭር ነበር። «ጭነት አልፈታ አለ። ግመል ሞተ። ቋጠሮ መያዝ ብቻ አይደል። መልቀቅም ይወቅ።»

እኔና ወንድሜ ያንን የታጠፈ ጫፍ «ጆሮ» አልነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የበረታችንን አጥር አግዳሚ ግንድ ፈረስ አድርገን፣ እሱን አስቀምጬ፣ በአባቴ አሮጌ ሽርጥ አስረው ነበር። «ጠፍሩ ዞረብህ» ስለው ጆሮውን በቀኝ እጁ ይፈልግና ይስባል፣ ገለባው ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ እያየ ነበር የሚያደርገው። በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያገኘው አስለመድኩት። ጆሮው ሁልጊዜ ከእምብርቱ አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ ነው። ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ ሳንደግመው አልቀረንም። አንድም ጊዜ አልሳተውም።

የግልቢያው ቀን ከቦርከና መታጠፊያ አጠገብ ዐሥራ አንድ ፈረሶች ተሰለፉ። መድረሻው ማዶ ያለው ዋርካ ነው። ሰዉ ዋርካው ሥር ተሰብስቧል፤ መነሻው ላይ ያሉት ባለ ፈረሶችና እንደ እኔ የሚያስሩ ናቸው። ወንድሜ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ከጎኑ ካለው ቦራ ፈረስ ጋላቢ ጋር ይነጋገር ነበር። ያም ልጅ የእሱ እኩያ ነው። ማታ ሥጋ ሲሰጠው ቅልጥሙን እንደሚያስቀድም ሲነግረው ሰምቻለሁ።

ጠፍሩን አባቴ ቀደም ብሎ አጥብቆታል። ፈረስ ጠፍር ሲጠብቅበት ሆዱን ይነፋል፤ ሲሮጥ ሆዱ ይሸሻል፣ ጠፍሩም ይላላል። ይህን አሁን አውቀዋለሁ። አባቴ ያኔም ሳያውቀው አይቀርም፤ ግን ጊዜ አልነበረም፣ ደግሞም ልጁ ይታሰራል።

እኔ ሽርጡን አዙሬ፣ ቋጠርኩ፣ ጆሮውን ተውኩለት። የቦራው ፈረስ ባለቤት አንገቱን አስግጎ አየ።

«ይሄ ምንድን ነው? የሙሽራ መቀነት ነው እንዴ? እንደ ቢራቢሮ ክንፍ አወጣህለት?»

ሰዎች ሳቁ። አባቴ ዞሮ መጣና ጆሮውን በጣቱ ነካ አደረገው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቢዞር እንዲስበው ነው፣ አባ።»

«ቢዞር? ለምን ይዞራል? ፈረሱ ሲንጠው ራሱ ቢሳብስ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ጀቤሲ ሂዺ፣ ልጄ። ወንድምህ ነው። አጥብቀህ እሰር» አለኝ።

ብዙ መልስ ነበረኝ። የሰንበቴውን ሰው፣ የግመሉን ነገር፣ አጥሩ ላይ የለማመድነውን ሁሉ መናገር እችል ነበር። ጆሮውን ፈትቼ የሽርጡን ጫፍ ሙሉ በሙሉ አሳለፍኩ። ጉልበቴን ፈረሱ ጎን ላይ አስደግፌ ሳብኩት። ጨርቅ ሲረጥብ ይበልጥ እንደሚነክስ ስለማውቅ ከኮዳው ውሃ አፈሰስኩበት፤ ይህን ያዘዘኝ ማንም የለም። ያ ሰውዬ ቋጠሮውን ሊያንቀሳቅሰው ሞከረና አልቻለም። «ወላሂ የዚህ ልጅ እጅ ብረት ነው» አለ። አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በሕይወቴ ከዚያ በፊት በሰው ፊት ያመሰገነኝ አልነበረም።

ወንድሜ በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ ሌላ ያይ ነበር። ጆሮውን እንዳነሳሁት አላየም፤ እኔም አልነገርኩትም። ጊዜ አጥቼ አይደለም። ልክ ነው ብዬም አይደለም። ልቤ ምስጋናው ላይ ነበር።

ተለቀቁ። ከመነሻው የሚታየው አቧራ ብቻ ነው። እኔ በእግሬ ከኋላ ሮጥኩ። በሜዳው መካከል ለሽንኩርት መስኖ የተቆፈረ ጠባብ ቦይ ነበር፤ ፈረሶቹ ይዘሉታል፤ እኔም አራቱን ጊዜ ዘልዬዋለሁ። እዚያ ስደርስ አቧራው ወደ ግራ ተገፍቶ ዳማው ከሌሎቹ ተነጥሎ በሜዳው ዳር ሲጋልብ አየሁት። ጀርባው ላይ ማንም የለም።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በመጀመሪያ የተሰማኝ ኀፍረት ነው። ቋጠሮው ላላ፣ ወንድሜ ወደቀ፣ ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ወንድሜ የት ወደቀ ብዬ መሬቱን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። መሬት ላይ የለም። ከዚያ ፈረሱ ወደ እኔ አቅጣጫ ዞረ፤ ከሆዱ ሥር የተንጠለጠለውን አየሁ።

ጠፍሩ ነበር የዞረው። ቋጠሮዬ አልላላም።

ፈረሱ ከሆዱ ሥር ያለው ነገር ስላስፈራው አልቆም አለ። በኋላ እግሮቹ ወንድሜን እየረገጠ፣ የልጁ ጀርባ በጉቶው ላይ እየተጎተተ፣ ሜዳውን ዞረው። ሰዎች ከበው ልጓሙን ሲይዙት ስንት ጊዜ እንደዞረ አልቆጠርኩም፤ ሁሉን የምቆጥረው እኔ ይህን አልቆጠርኩም። ሦስት ሰው ቋጠሮውን ሊፈታ ሞከረ። አቃታቸው። «የታለ ያሰረው? ና ፍታው» አሉኝ። እኔም አቃተኝ፤ ረጥቦ ደርቆ እንጨት ሆኗል። በመጨረሻ ለበዓሉ የወጣ አንድ የቆላ ሰው ወገቡ ላይ በታጠቀው ስለት፣ በጊሌው ቆረጠው።

ወንድሜ በሕይወት ነበር። ግራ ጭኑ ተሰብሯል። ከሚሴ ጤና ጣቢያ እንውሰደው ያለች እናቴ ብቻ ናት፤ ወንዶቹ ወጌሻ አስጠሩ። ወጌሻው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የአባቴን የወለቀ ትከሻ መልሰዋል፣ የዳማውንም እግር አንድ ጊዜ አሽተዋል። ቢስሚላህ ብለው ጎትተው ገጠሙት። ሸምበቆ ሰንጥቀው ዙሪያውን አደረጉና በጨርቅ አሰሩት። ሲያስሩ እጃቸውን አይ ነበር፤ ጎበዝ አሳሪ ነበሩ።

በሁለተኛው ቀን የግራ እግሩን ጣቶች ነካሁ። ቀዝቃዛ ናቸው። የቀኙን ነካሁ፣ ሙቅ ነው። በሦስተኛው ቀን ጥፍሮቹ ተለወጡ፤ ጥፍሩን ተጭኜ ስለቀው ደም አይመለስም። ወጌሻው ሊያዩት ሲመጡ እንደምንም ደፍሬ ተናገርኩ።

«ጣቱ ቀዝቅዟል። ትንሽ ቢላላ?»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ፈገግ ብለው፣ «አንተስ ይህን ማወቅ አለብህ» አሉኝ። «አጥንት የሚገጥመው ሲጠብቅ ነው። እንዳንተ ያለ እጅ ያለው ሰው ላላ አድርጉ ይላል?» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው፣ «ይህ ልጅ ከእኔ ጋር ይዋል፣ ሙያ ይዟል» አሉት። ለሁለተኛ ጊዜ ተመሰገንኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልኩ።

በአምስተኛው ቀን ሽታው ቤቱን ሞላው። እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ አዝላው አስፋልት ወጣች፤ እኔ ተከተልኳት፣ አባቴ መንገድ ላይ ደረሰብን። ከሚሴ ጤና ጣቢያ ያዩት ሰዎች ጨርቁን ፈትተው ተያዩና ወደ ደሴ ላኩን። ደሴ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ሐኪሙ ወጣት ነበር። አባቴን ወደ ጥግ ወስዶ ሲያናግረው ሰምቻለሁ።

«ስብራቱ ይድን ነበር። እግሩን የወሰደው እስሩ ነው። ደም ከለከለው።»

«ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው» አለ አባቴ።

ሐኪሙ «እሺ» አለና ሄደ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠያቂው በረታ። ሰው ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ አላህ ያሽረው ይላል፣ ለእናቴ አብሽሪ ይላል፣ ከዚያ ስለ ፈረሱ ይጠይቃል። ፈረሱ ደረቱ ላይ ትንሽ ተልጦ ነበር፤ አባቴ ጠዋትና ማታ ቅቤ ይቀባው ነበር። አንዳንዱ ወደ እኔ ይዞራል። ጥግ ላይ ኩርምት ብዬ ስለምቀመጥ የማዝን መስሏቸው ሊያጽናኑኝ ነው።

«አንተ ምን አጠፋህ? ቋጠሮህ አልላላ። እሱ ቢላላ ኖሮ ልጁ በፈረሶቹ መሃል ወድቆ ያልቅለት ነበር። ወንድምህን አንተ ነህ ያተረፍከው።»

ይህን አንድ ሰው ሳይሆን ብዙ ሰው ብሎኛል። ወንድሜ እዚያው ተኝቶ ይሰማል። እኔም ዓይኑን ማየት አቆምኩ። የምጠብቀው አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ማሰራችን ነው ያጠፋን» እንዲል ነበር። አባቴ አይለውም፤ ካለው አራት ዓመት እኔን ያሰረው እጁ ምን ይሆናል? ሌሎቹም አይሉትም፤ ሁሉም ፈረስ አላቸው፣ ሁሉም ልጅ አላቸው። እኔ ደግሞ ካልኩት ስለ ጆሮው መናገር አለብኝ።

በዓመቱ አረፋ ደረሰ። አባቴ የእህቱን ልጅ አስመዘነ፤ ሰባት ዓመቱ ነው። ወንድሜ በክራንች መሄድ ለምዶ ነበርና ግልቢያውን ካላየሁ አለ። እናቴ ቤት ቀረች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደዚያ ሜዳ ወርዳ አታውቅም። ወንድሜን መነሻው አጠገብ ጆንያ አንጥፌ አስቀመጥኩት።

«ና እሰርልን» አለኝ አባቴ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። ያ የቦራው ባለቤትም ነበር። «የብረት እጅ መጣ» አለ።

አሰርኩት። ጆሮውን ተውኩለት። የልጁን ቀኝ እጅ ይዤ ጆሮው ላይ አደረግሁና ሁሉ እየሰማ ጮክ ብዬ፣ «ፈረሱ ላይ ዞር ዞር ካልክ፣ ይህን ሳበው። ምንም እንዳትጠብቅ» አልኩት። አባቴ መጣ። ጆሮውን አየ፣ እኔን አየ፣ ወንድሜን አላየም። ፈታውና ራሱ አሰረው። ጫፉን ሙሉ በሙሉ አሳለፈ፤ ጉልበቱን ፈረሱ ጎን ላይ አስደግፎ ሳበው።

«አባ፣ ጆሮውን ተውለት» አልኩት።

«ዘንድሮ ጠፍሩን ሁለት ጊዜ አጥብቄዋለሁ» አለኝ።

ሄዱ። ምንም አልሆነም። ዳማው አንደኛ ወጣ። የአክስቴ ልጅ ሱሪው ረጥቦ፣ ብስኩቱን ይዞ፣ በሰው ትከሻ ላይ ተመለሰ። አባቴ ጋቢ ደርቦ መጣ፤ በመንገዱ ሰው ሁሉ «አየኸው? አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ሁልጊዜ አይሆንም» ይለዋል። ልጁ ሳይወድቅ በመምጣቱ የተደሰትኩ አንድ እኔ ነበርኩ፤ የመረረኝም አንድ እኔ ነበርኩ። የዚያ ልጅ መትረፍ የሌሎቹን ልጆች ሁሉ እጣ እንደወሰነው ገብቶኛል። በኋላም እንደፈራሁት ሆነ፤ ግልቢያው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አልቆመም።

ሰዉ ወደ ዋርካው ሲመለስ እኔና ወንድሜ መነሻው ላይ ቀረን። ክራንቹን አቀበልኩት። አልተነሳም። የማሽላ ጉቶ በክራንቹ ጫፍ እየነቀለ፣ እኔን ሳያይ ተናገረ። ስለዚያ ቀን ሲናገር የመጀመሪያው ነበር፤ የመጨረሻውም ሆነ።

«ፈልጌው ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«ጆሮውን። እንዳስተማርከኝ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከእምብርቴ ወደ ቀኝ።» በክራንቹ ሌላ ጉቶ ነቀለ። «ቦታውን የሳትኩ መስሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ፣ አባ ሲፈታው እስካይ ድረስ፣ እኔ የሳትኩት ነበር የሚመስለኝ።»

ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ፤ አስነሳሁት። እስከ ቤት ድረስ በእሱ እርምጃ ልክ፣ ከግራው በኩል ሄድኩ።